ባሕሩ የት፣ እኛ የት?

ባለፈው ሳምንት ስለ ዝናብ መለኪያ አንብበን ነበር። ዛሬ ደግሞ ከአገራችን በጣም ርቆ ስለሚገኝ ውሃ እናነባለን። ቃሉ ሲከብዳችሁ ቀስ በሉ። ገና ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካላችሁም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት።

ነገሩ የተነሣው በሚያዝያ ወር በማታው ትምህርት ላይ ነው። ሬዲዮ ስለ መጪው ክረምት ሲናገር፣ «የፓስፊክ ውቅያኖስ ስለሞቀ ዝናቡ ሊያንስ ይችላል» አለ። ከምናስተምራቸው አባቶች አንዱ ሳቁ። «እናንተ ልጆች፣ ባሕሩ የት፣ እኛ የት? ማሽላዬን ልዝራ ወይስ ልተው? እሱን ንገሩኝ» አሉን። ጥያቄያቸው የቀልድ አይደለም። ማሽላ ብዙ ወር ይፈልጋል። ዝናቡ ቀድሞ ከሄደ ዘሩም ድካሙም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ መልሱን እንፈልግ።

የምድርን ገጽ በ10 ብንከፍለው 7ቱ እጅ ባሕር ነው። ፀሐይ ባሕሩን ታሞቀዋለች። ከሞቀው ባሕር እንፋሎት ይነሣል፤ እንፋሎቱ ደመና ይሆናል፤ ደመናውን ነፋስ ይወስደዋል። ባሕሩ የሚሞቅበት ቦታ ሲለወጥ የነፋሱና የደመናው መንገድም ይለወጣል።

በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ሞቃቱን ውሃ ወደ ኢንዶኔዥያ በኩል ይገፋዋል። በፔሩ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ ከታች ይወጣል። በአንዳንድ ዓመት ግን ነፋሱ ይደክማል። ያን ጊዜ ሞቃቱ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች ይህን ሙቀት በገና ሰሞን ስላዩት «ኤል ኒኞ» አሉት። ሕፃኑ ክርስቶስ ማለታቸው ነው። ከ2 እስከ 7 ዓመት እየቆየ ይመጣል።

ኤል ኒኞ ሲመጣ በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ የበልግ ተራ አልፎ በጥቅምትና በኅዳር የሚጥለው ዝናብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆች 2015 መሆኑ ነው፣ ብርቱ ኤል ኒኞ ነበረ። ዝናቡ ቀረ። በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ የአገራችን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። እንግዲህ ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም ጓዳችን ድረስ ይገባል።

ታዲያ የባሕር ሙቀት እንዴት ይለካል? በድሮ ጊዜ መርከበኞች ባልዲ በገመድ አሥረው ውሃ ይቀዱ ነበር። በውሃው ውስጥ ቴርሞሜትር፣ ማለትም የሙቀት መለኪያ፣ ይከቱና ቁጥሩን በመዝገብ ይጽፋሉ። ብዙው ባልዲ ከሸራ የተሠራ ነበር። እዚህ ላይ ጠየቅን፤ «የሸራው ባልዲ ነፋስ ላይ ቢቆይ ውሃው ምን ይሆናል?» አንዲት እናት ወዲያው መለሱ። «ይቀዘቅዛላ! የኔ እንስራ ያልበው የለም እንዴ? ላቡ ሲደርቅ ውሃው ይበርዳል» አሉ። እውነታቸውን ነው። የሸራው ባልዲም እንደ እንስራው ያልበው ነበር። ስለዚህ መርከበኛው የጻፈው ቁጥር ከእውነተኛው ባሕር ያነሰ ነበር።

በኋላ ሌላ ዘዴ መጣ። መርከብ ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከባሕር ውሃ ይስባል። ያንን ውሃ ለኩት። ነገር ግን የሞተሩ ክፍል ስለሚሞቅ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብዙው ልኬት ከሞተር ክፍል ነበር። ጦርነቱ በ1945 በፈረንጆች ሲያልቅ የባልዲው ልኬት በዛ። በመዝገቡ ላይ ባሕሩ በድንገት የቀዘቀዘ መሰለ። የተለወጠው ግን በአብዛኛው መለኪያው ነው። ሊቃውንት ይህን ስላወቁ የድሮውን ቁጥር አርመዋል። በሁለት ቁና የተሰፈረን እህል ሳያስተካክሉ ማወዳደር አይቻልም።

ዛሬ ሳተላይት ከሰማይ ሆኖ የባሕሩን ገጽ ይለካል። እሳትን ሳንነካው ሙቀቱ እንደሚሰማን ማለት ነው። እሱም ይሳሳታል። በ1982 በፈረንጆች በሜክሲኮ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ወደ ሰማይ የወጣው ብናኝ ሳተላይቱን ስላሳተው ባሕሩ ከእውነቱ ይልቅ ቀዝቃዛ መሰለ። ያን ዓመት ብርቱ ኤል ኒኞ ሳይታወቅ መጣ። ከዚያ በኋላ በፓስፊክ ወገብ ላይ 70 ያህል መለኪያዎች በመልሕቅ ታሥረው እንዲንሳፈፉ ተደረገ። አሁን ደግሞ 4,000 ያህል ተንሳፋፊዎች በዓለም ባሕር ውስጥ አሉ። እስከ 2,000 ሜትር ይጠልቃሉ፤ በ10 ቀን አንዴ ወጥተው ያዩትን ለሳተላይት ይነግራሉ።

ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከብዙ ዓመት አማካይ ጋር ይወዳደራል። የፓስፊክ መካከለኛ ክፍል ከአማካዩ በግማሽ ዲግሪ በልጦ ለወራት ከቆየ ኤል ኒኞ ነው ይባላል። ግማሽ ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን ያን ያህል ውሃ የሚያሞቅ ስንት እሳት ይበቃል? የዓለም ባሕር ገጽም በጠቅላላው እየሞቀ ነው። ከ1850–1900 ጋር ሲነጻጸር በ2011–2020 በፈረንጆች ወደ 0.9 ዲግሪ ጨምሯል። ዋናው ምክንያት ሰው ከሚያቃጥለው ከሰልና ነዳጅ የሚወጣው ጋዝ ነው።

ወደ አባታችን ጥያቄ እንመለስ። ትንበያ ትእዛዝ አይደለም። «ሊያንስ ይችላል» ማለት «ያንሳል» ማለት አይደለም። ዝናብን የሚለውጠው ኤል ኒኞ ብቻም አይደለም። ግን ሰምቶ መዘጋጀት ይቻላል። ተማክረን ተማክረን፣ አባታችን ግማሹን መሬት ማሽላ ዘሩ። ግማሹን ቶሎ ለሚደርስ ጤፍ አቆዩት። ገለባውንም አልሸጡም። «ባሕሩን አላመንኩትም፤ ግን አልናቅሁትም» አሉን። እኛም ከሳቸው ተማርን።

ጥያቄዎች
1. የሸራ ባልዲ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል?
2. ሳተላይት ለምን ተሳሳተ?
3. በናንተ ቀበሌ ቶሎ የሚደርሰው ዘር የትኛው ነው? ጻፉና አምጡ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።