4 መርፌ እና 132 ፓተንት

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከሕግ ፋኩልቲ ጀምሮ የማውቀው ጓደኛዬ ደወለና «እናንተ ሰፈር መብራት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ፡፡ አለ አልኩት፡፡ «ፍሪጅህስ ይሠራል?» ይሠራል አልኩት፡፡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በበረዶ የተከበበ ካርቶን ታቅፎ በሬ ላይ ቆመ፡፡ ካርቶኑ ውስጥ ወፈር ያለ እስኪብርቶ የሚመስሉ 4 መርፌዎች ነበሩ፡፡ እነዚህ 4 መርፌዎች በአሜሪካ የ2021 የዋጋ ተመን ቢሰሉ (በዚህ ጽሑፍ ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ወደ 12 ሺህ ዶላር ይጠጋሉ፡፡ እኔ ቤት የተቀመጡት ከቅቤው ጎን ነው፡፡

ጓደኛዬ ጠበቃ ነው፡፡ ከ20 ዓመት በላይ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም አብሮት ኖሯል፡፡ ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ጀርባውና የራስ ቅሉ ላይ ቀላ ብሎ የወፈረ፣ ከላዩ ነጭ ቅርፊት የሚጥል ቆዳ አለው፡፡ በበጋም በክረምትም እጅጌው ረጅም ነው፡፡ ችሎት ከመግባቱ በፊት ጥቁር ካባውን ትከሻው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ያራግፋል፡፡ አንድ ጊዜ ውክልና ሊሰጡት የመጡ ባልቴት የሚፈርሙበትን እስኪብርቶ ከእጁ ላለመቀበል ቦርሳቸውን ሲበረብሩ ቆይተው የራሳቸውን አወጡ፡፡ «ጉዳዩን ረታሁላቸው፤ እጄን ግን አልጨበጡኝም» እያለ ይስቃል፡፡ ሳቁ ብዙም አያምርም፡፡

አገራችን ውስጥ ይህን በሽታ አንዱ ችፌ፣ ሌላው ቋቁቻ፣ አንዳንዱም ዝቅ ባለ ድምፅ ለምጽ ይለዋል፡፡ አንዱንም አይደለም፡፡ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፡፡ አውሮፓም ውስጥ ለብዙ ዘመን ከሥጋ ደዌ ጋር ሲደባለቅ ኖሮ፣ ቁርጥ ባለ ሁኔታ የተለየው በ1841 ፈርዲናንድ ሄብራ በተባለ የቪየና ሐኪም ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤም ሶሪያሲስ ተላላፊ ያልሆነ፣ የሚያሠቃይና ፈጽሞ የማይድን ሕመም መሆኑን አውቆ የውሳኔ ሐሳብ ያሳለፈው ገና በ2014 ነው፡፡ ሕመሙ የሚመነጨው ከቆዳ ሳይሆን ከሰውነት የመከላከያ ሥርዓት ነው፡፡ ጠላት ሳይኖር «ጠላት መጣ» የሚለው ይህ ሥርዓት፣ ከታች ወደ ላይ ለመውጣት አንድ ወር ገደማ የሚፈጅበትን የቆዳ ሕዋስ በጥቂት ቀናት ውስጥ እያጣደፈ ያወጣዋል፡፡ ያልበሰለው ቆዳ ይደራረባል፡፡ ካባ ላይ የሚራገፈውም እሱ ነው፡፡

መርፌው የሚሠራው ይህንን የሐሰት የክተት አዋጅ በማፈን ነው፡፡ የመድኃኒቱ ስም አዳሊሙማብ ሲሆን በገበያ ስሙ ሁሚራ ይባላል፡፡ ከኬሚካል የተቀመመ ክኒን አይደለም፤ በሕያው ሕዋሳት ውስጥ የሚመረት አንቲቦዲ ነው፡፡ ቲኤንኤፍ የተባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን ይዞ ያስቀረዋል፡፡ ባዮሎጂክ የሚባሉት መድኃኒቶች እንዲህ ያሉት ናቸው፡፡ በ2008 በታተመው ትልቅ ጥናት መርፌውን ከወሰዱት ሕሙማን ከ100ው 71ዱ በ16 ሳምንት ውስጥ ሕመማቸው ቢያንስ በሦስት አራተኛ ቀንሶላቸዋል፡፡ ባዶ መርፌ ከተወጉት ይህን ያህል የተሻላቸው ከ100ው 7 ብቻ ነበሩ፡፡ እንዲህ ያለ ልዩነት በሕክምና ውስጥ በየቀኑ አይገኝም፡፡

ታዲያ የሕግ ሰው ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል፡፡ የሚያገባኝ በዋጋው ነው፡፡ ብዙ ሰው የመድኃኒት ዋጋ እንደ ወርቅ ዋጋ ከዕቃው ብርቅነት የሚመጣ ይመስለዋል፡፡ የዚህ መርፌ ዋጋ ግን ከላቦራቶሪ ይልቅ በሕግ ቢሮዎች ውስጥ የተጻፈ ነው፡፡

ሁሚራ በአሜሪካ የተፈቀደው በ2002 መጨረሻ፣ መጀመሪያ ለመገጣጠሚያ ሕመም ነበር፤ ለሶሪያሲስ ደግሞ በ2008፡፡ ገበያ ላይ ሲወጣ አንዱ መርፌ 522 ዶላር ነበር፡፡ የተወካዮች ምክር ቤቱ የቁጥጥር ኮሚቴ በ2021 ባወጣው ሪፖርት መሠረት አምራቹ ኩባንያ ዋጋውን 27 ጊዜ ጨምሮ 2,984 ዶላር አድርሶታል፤ ለአንድ ዓመት ሲሰላ ወደ 77 ሺህ ዶላር፡፡ መድኃኒቱ በእነዚያ ዓመታት አልተለወጠም ለማለት አልችልም፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ወጥቶለታል፣ መርፌው ቀጥኗል፡፡ ስድስት እጥፍ ለመጠጋት ግን ይህ ይበቃል?

መሠረታዊው ፓተንት በ2016 አበቃ፡፡ ፓተንት ማለት በአጭሩ ውል ነው፡፡ ፈልሳፊው ምስጢሩን ለሕዝብ ይገልጣል፣ መንግሥት ደግሞ ለተወሰነ ዘመን ብቻህን ሽጠው ይለዋል፡፡ ዘመኑ ሲያልቅ ሌላውም ይሠራዋል፣ ዋጋውም ይወርዳል፡፡ እዚህ ግን ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ አጥር ተገኘ፡፡ ኩባንያው በአመራረቱ፣ በቅመማው፣ በአወሳሰዱ ላይ ሁሉ ፓተንት አውጥቶ ቁጥሩ 132 ደረሰ፡፡ ተመሳሳይ መድኃኒት (ባዮሲሚላር ይባላል) ሊያመጡ የተዘጋጁት ኩባንያዎችም አንድ በአንድ ለመክሰስና ለመከሰስ አቅሙ ስላጠራቸው ተስማሙ፤ ለአውሮፓ ኦክቶበር 2018፣ ለአሜሪካ ጃንዋሪ 2023፡፡

ለሠራተኞቹ ሕክምና የሚከፍለው የባልቲሞር ከተማ አስተዳደር ከሌሎች ጋር ሆኖ ይህ የገበያ ክፍፍል ነው ብሎ ከሰሰ፡፡ በኦገስት 2022 የ7ኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፡፡ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ፍራንክ ኢስተርብሩክ ናቸው፡፡ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ 132 ፈጠራ የፈጠረ ሰው 132 ፓተንት ቢይዝ ምን ነውር አለው? ሕጉ የፓተንት ብዛት አይገድብም፡፡ ለማስረጃም ቶማስ ኤዲሰን ከ1,000 በላይ ፓተንት እንደነበረው ጠቀሱ፡፡

ውሳኔውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፡፡ ዳኛው ተሳስተዋል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ እኔ እንደ እኔ ግን በተጻፈው ሕግ ሲመዘን የተሳሳቱ አይመስለኝም፡፡ እያንዳንዱ ፓተንት ለብቻው ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፡፡ ስምምነቱም ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፡፡ የሁሉም ድምር ግን ሕግ አውጪው የወሰነውን የጊዜ ገደብ ለ6 ዓመት ትርጉም አሳጣው፡፡ ይህን ማረም የዳኛ ሳይሆን የሕግ አውጪ ሥራ ነው፡፡ በ2022 ብቻ ሁሚራ ከ21 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል፡፡

አጥሩ ሲፈርስ የሆነውን ደግሞ አውሮፓ ላይ አየነው፡፡ የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት በዚህ አንድ መድኃኒት ላይ በዓመት ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሲያወጣ ከቆየ በኋላ፣ በ2018 መጨረሻ በውድድር ሲገዛ 300 ሚሊዮኑን እንደሚያተርፍ አስታወቀ፡፡ መድኃኒቱ ያው፣ ሕሙማኑም እነዚያው ናቸው፡፡ ከዚያም በፊት፣ በዲሴምበር 2014፣ አንድ የሕንድ ኩባንያ የዓለምን የመጀመሪያ አዳሊሙማብ ባዮሲሚላር በ200 ዶላር ገደማ ለገበያ አቅርቦ ነበር፡፡ አሜሪካ ውስጥ ያኔ አንዱ መርፌ ወደ 1,000 ዶላር ነበር፡፡

አሁን ወደ ፍሪጄ ልመለስ፡፡ የጓደኛዬ ታላቅ እህት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ፡፡ ሶሪያሲስ በዘር የመደጋገም ጠባይ ስላለው እሳቸውም አለባቸው፡፡ የጤና መድናቸው ከዋናው መርፌ ወደ ባዮሲሚላሩ ሲያዞራቸው ቀድሞ የተላከላቸው 4 መርፌ ተረፈ፡፡ ለክረምት ሲመጡ «ወንድሜ ሆይ፣ አንተም ቀንህ ይውጣ» ብለው ይዘውለት መጡ፡፡ በሐኪም ትእዛዝ የተሰጠ መድኃኒት ለሌላ ማስተላለፍ እዚያም እዚህም ሕግ የሚፈቅደው አይደለም፡፡ ሁለታችንም የሕግ ሰዎች ነን፤ ሁለታችንም ዝም አልን፡፡

ዝም ያላልኩት በሌላው ነው፡፡ «ቲቢ ተመርምረሃል?» አልኩት፡፡ አልተመረመረም፡፡ መርፌው የሚያፍነው ቲኤንኤፍ በሳንባ ውስጥ ተከብቦ የተኛን የቲቢ ጀርም ዘብ ሆኖ ከሚጠብቁት አንዱ ነው፡፡ ዘቡ ሲነሳ የተኛው ይነቃል፡፡ ስለዚህ በየትም አገር ይህ መርፌ ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ግድ ነው፡፡ ብዙ ሰው የተኛ ቲቢ ተሸክሞ በሚኖርበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ በሻንጣ የመጣ መርፌ ሳይመረመሩ መወጋት በገዛ እጅ አደጋ መጥራት ነው፡፡ ተመረመረ፤ ተገኘበት፡፡ ሐኪሙ ለ3 ወር በየሳምንቱ የሚወሰድ የመከላከያ ክኒን አዘዘለት፡፡

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው፡፡ የፓተንት አጥሩ ከፈረሰ፣ ሕንድም ከሠራችው፣ መድኃኒቱ ወደ እኛ ለምን በሻንጣ ይመጣል? የእኛ ሕግ ከልክሎ ነው? አይደለም፡፡ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንትን የሚጠብቀው ለ15 ዓመት ሲሆን፣ 5 ዓመት የሚጨምረው ፈጠራው በኢትዮጵያ ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፡፡ ያው አዋጅ መንግሥት በባለቤቱ ላይ የግዴታ ፈቃድ የሚሰጥበትን በርም ክፍት አድርጓል፡፡ በ1996 ማመልከቻው ለገባ ፈጠራ ማንም ቢሆን ዛሬ እዚህ አገር የሚያነሳው መብት አይኖረውም፡፡ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት መድኃኒትን መርምሮ የመመዝገብ ሥልጣን አለው፡፡ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ደግሞ በብዛት ገዝቶ ለሕዝብ ሆስፒታሎች የሚያከፋፍል ተቋም ነው፡፡ የጎደለው ባዮሲሚላርን ለይቶ በውድድር የመግዛት ውሳኔ ነው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት አዳሊሙማብን ከ2019 ጀምሮ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ በሴፕቴምበር 2025 ዝርዝሩን ሲያሻሽልም የሶሪያሲስ መድኃኒቶችን ጨምሯል፡፡ ስለዚህ ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለው መልስ ከእንግዲህ አያስኬድም፡፡

እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ለቆዳ ይህን ያህል ገንዘብ ይወጣል ወይ የሚል ክርክር እንደሚመጣ አውቃለሁ፡፡ ክርክሩ ቀላል አይደለም፡፡ እኔም ለሁሉም ይሰጥ አልልም፡፡ አብዛኛው ሕመምተኛ በቅባት፣ ሲብስም በሜቶትሬክሴት ክኒን ወይም በብርሃን ሕክምና ሊረዳ ይችላል፤ ሜቶትሬክሴት ደግሞ ርካሽ ነው፡፡ ይህ ሁሉ ላልሠራላቸው፣ መገጣጠሚያቸው መጣመም ለጀመረ ጥቂቶች ግን ሥራ መሥራትና ቤት መዋልን የሚለየው ይህ መርፌ ነው፡፡ ያው መርፌ ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ብግነት ሕሙማንም ስለሚያገለግል ግዥው ለቆዳ ብቻ አይሆንም፡፡

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ደግሞ አዲስ ለሚወጡት መድኃኒቶች ነው፡፡ ከአዳሊሙማብ ወዲህ የቲቢ ሥጋታቸው የቀነሰ ሌሎች መርፌዎች መጥተዋል፣ ለምሳሌ በ2015 የተፈቀደው ሰኩኪኑማብ፡፡ እነዚህን በሚመለከት የዓለም ንግድ ድርጅት እጅግ ላላደጉ አገሮች እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2033 የመድኃኒት ፓተንት እንዳያስከብሩ ጊዜ ሰጥቷል፡፡ ኢትዮጵያ ወደዚህ ድርጅት ለመግባት ያመለከተችው በ2003 ነው፡፡ አዲስ ገቢ አገር ግን ይህን ዕፎይታ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊያጣው ይችላል፡፡ ካምቦዲያ በ2004 ስትገባ፣ ለመሰሎቿ በመድኃኒት ላይ እስከ 2016 ተፈቅዶ እያለ፣ ከ2007 ጀምሮ ግዴታውን ለመፈጸም ቃል ገብታለች፡፡ ስለ ባንክና ስለ ቴሌ ብዙ ተብሏል፡፡ ስለ መድኃኒት ምን እንደተሰጠና ምን እንደተያዘ ግን ለሕዝብ እንደራሴዎች በግልጽ ሊነገር ይገባል፡፡

ጓደኛዬ የ3 ወሩን ክኒን ጨርሶ ሐኪሙ ዘንድ ተመለሰ፡፡ መርፌው እንዳለው ነገረው፡፡ ሐኪሙ ቆጠረለት፤ መጀመሪያ 2 በአንድ ቀን፣ በሳምንቱ 1፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 1፡፡ 4 መርፌ ማለት አንድ ወር ነው፡፡ ተጀምሮ ሲቋረጥ ሕመሙ ይመለሳል፣ ሰውነትም መድኃኒቱን ራሱን የሚዋጋ አንቲቦዲ ሊያመርት ይችላል፡፡ «አምስተኛውን ከየት ታመጣለህ?» አለው፡፡

ጓደኛዬ በሙያው መልስ አጥቶ አያውቅም፡፡ ያን ዕለት አጣ፡፡ ካርቶኑ አሁንም እኔ ቤት ነው፡፡ መብራት በጠፋ ቁጥር ትንሿ ልጄ «አባዬ፣ የጋሼ መርፌ!» እያለች በረዶ ፍለጋ ትሮጣለች፡፡ የማብቂያ ቀኑን ትናንት አየሁት፤ 5 ወር ቀርቶታል፡፡