ውሻችንን እንሰር፣ ጉድጓዱን እንክደን

የፎገራ ሽማግሌዎች፣ የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለልጆቻችን አይደለም። ልጆቹ የተነገራቸውን እየሠሩ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ ጎመንና ቆስጣ ይተክላሉ፣ ችግኝ ያጠጣሉ፣ ስለ አፈርና ስለ ውኃ የሚማሩትን በእጃቸው ይሞክሩታል። የምጽፈው ለእኛ ነው፤ አጥሩም ውሻውም በእጃችን ላለው።

በቅርቡ ከአንድ ትምህርት ቤት ጓሮ ጀርባ ያለውን የብስባሽ ጉድጓድ ቆሜ አየሁት። ልጆቹ የጎመን ቅጠል፣ የሩዝ ገለባና አመድ በየተራ ደርድረውበታል፤ እንደ ተማሩት ነው። ከላዩ ግን ከመንደር የመጣ አጥንት፣ የበግ አንጀትና የሻገተ እንጀራ ተጥሎበታል። ክዳን የለውም። ጡቷ የወረደ ዥጉርጉር ውሻ ከጉድጓዱ አፍ ሥር አራት ቡችሎቿን ታጠባለች፤ ሌሎች ሦስት ውሾች አንጀቱን ይጓተታሉ። ልጆቹ ለመሬታቸው ብለው የቆፈሩት ጉድጓድ የውሻ መመገቢያ ሆኗል።

ውሻ የሚበዛው በሆዱ ልክ ነው። ቀለብ ካገኘ በዓመት ሁለት ጊዜ ይወልዳል። በዓል በመጣ ቁጥር በየደጃችን የምንጥለው ሆድ ዕቃ፣ ከሉካንዳ የሚወጣው ትርፍራፊ፣ ክፍት የተተወው የቆሻሻ ገንዳ፣ ይህ ሁሉ ተደምሮ ባለቤት አልባውን መንጋ ይቀልባል። መርዝ እንርጭ የሚል ሰው አይጠፋምና አስቀድሜ እቃወማለሁ። በመርዝ የሞተውን ውሻ የበላ ጥንብ አንሣ ይሞታል፣ ጅብም ይሞታል፤ ቀለቡ ካልተቋረጠ ደግሞ በሞተው ፈንታ ሌላ ውሻ ይመጣል።

የጠገበው ውሻ ከተማ ውስጥ ብቻ አይቀርም። ወደ ሸሸርና ወደ ወላላ ይወርዳል። እነዚህን ሁለት ረግረጎች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱ ይሞላሉ፤ ውኃው ሲሸሽ ዳርቻቸው ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለሽንኩርት በሞተር ፓምፕ ይመጠጣሉ። የውኃው መጉደል ከሁሉ የከፋው ጉዳት ነው፤ አልክድም። ፓምፑ ግን የብዙ ቤት እንጀራ ስለሆነ በአንድ ጉባኤ አይቆምም። የውሻው ነገር የሚያልቀው እዚሁ በእኛው ደጅ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር እላለሁ።

ዘውድ ያለውን ጥቁሩን ክሬን ተመልከቱ። በዛፍ ላይ ማረፍ ይችላል፤ ጎጆውን ግን በሣርና በደንገል መካከል መሬት ላይ ነው የሚሠራው። የሚጥለው ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ነው። ጫጩቱ ተፈልፍሎ ብዙም ሳይቆይ እናቱን በእግሩ ይከተላል፤ ክንፉ እስኪሸከመው ግን ከሁለት ወር በላይ ይፈጅበታል። ያን ሁሉ ጊዜ መሸሸጊያው ሣሩና ውኃው ብቻ ነው። ዱሮ ጎጆውን ውኃው ይጠብቀው ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሲጎድል ውሻ በደረቅ እግሩ ይደርሳል። እንዴት እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። እናቲቱ ክንፏን ዘርግታ ትዋጋለች፤ ውሾቹ ሦስትም አራትም ሆነው ስለሚመጡ አንዱ ከፊት ሲያስጮኻት ሌላው ከኋላ እንቁላሉን ይሰብራል። እረኞቻችንም ይህን ያውቃሉ። ይህ ወፍ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተጋለጡት አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጣናና ዙሪያው ደግሞ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ምድር ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን የሰማ ሰው ይህን አያቃልለውም። በኒው ዚላንድ ደሴቶች ሰው በመርከብ ያመጣቸው አይጥ፣ ድመትና መሰሎቻቸው መሬት ላይ ከሚኖሩት ወፎች ብዙዎቹን ጨርሰዋቸው፣ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. እስከ 2050 ከመጤ አዳኞች ዋና ዋናዎቹን ከአገሩ ለማጥፋት ዐቅዶ ይደክማል። የእነዚያ ደሴቶች ወፎች እንዲህ ያለ አዳኝ አያውቁም ነበር። የእኛዎቹ ጅብና ቀበሮ ያውቃሉ፤ ሰው የቀለበውን ይህን ያህል የውሻ መንጋ ግን አያውቁም።

ከዚያ አልፎ ወደ ጉና ተራራ ቀና በሉ። ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያ ነው። በጉና ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ነበሩ፤ ዛሬ የሉም። ከጎጃሙ ጮቄም ጠፍተዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት እርሻው ሽቅብ መውጣቱ ነው፤ ሁሉንም በውሻ ላይ አላላክክም። ቢሆንም በባሌ ተራሮች የሆነው የታወቀ ነው። በ1984 እና በ1996 ዓ.ም ከመንደር ውሾች የተዛመተው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን በመንጋ ጨረሳቸው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ያሉትም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። እንዲህ ለቀነሰ እንስሳ አንድ የታመመ ውሻ በቂ ነው።

ያው በሽታ የልጆቻችንም ጠላት ነው። ሰው ላይ የሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ከውሻ እንደሚመጣ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቱ ጓሮ አጠገብ ውሻ ከበዛ፣ ጧት ባልዲ ይዛ ጎመን የምታጠጣው የአሥር ዓመት ልጅ ናት ከውሻው ጋር የምትገናኘው። ልጅ ሲነከስ ደግሞ ምን ይደረግ ተብለን በየቤቱ የምንጠየቀው እኛ ነን። መድኃኒት አዋቂ ፈልጉ እያላችሁ ቀን አታሳልፉ። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በወራጅ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ልጁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ጠበልም ጸሎትም ከክትባቱ ጋር ይሁን፤ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ነው። የትምህርት ቤቱ ብስባሽ ጉድጓድ ክዳንና አጥር ይኑረው፤ እንጨቱንና ቆርቆሮውን ወላጅ ያዋጣ፤ ሥጋና አጥንት ከቶ አይግባበት። የበዓል ሆድ ዕቃ በየደጁ በጥልቅ ይቀበር። ባለቤት ያለው ውሻ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ወፉ በሚራባበት ወራት፣ ቀንም ሌሊትም ይታሰር። ልጆቹ የጎመኑን መደብ እንደሚጠብቁ ሁሉ የክሬኑን ጎጆ ከሩቅ ቆመው እንዲመዘግቡ መምህራኑን እንለምን፤ የት እንደ ተሠራ ካወቅን እረኛው ከብቱን በሌላ በኩል ይነዳል።

የበሽታው ሰንሰለት የሚበጠሰው ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶው ሲከተቡ ነው፤ ግማሹ ቀበሌ መጥቶ ግማሹ ከቀረ ያልተከተበው ያስተላልፋል። ስለዚህ ከወረዳው የእንስሳት ሐኪም ጋር ቀን እንቁረጥ። ቀኑ ሲደርስ ውሻችሁን በገመድ ይዛችሁ ራሳችሁ ኑ። ልጅ አትላኩ፤ ውሻው መርፌ ሲያይ መጀመሪያ የሚነክሰው የሚጎትተውን ልጅ ነው።