እርቁ ይቅደም፣ ፊርማው ይቆይ

ደሴ ላይ መኪና ሰው ከገጨ፣ ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን አንስቶ ሳይጨርስ ሽማግሌ ይደርሳል። በዚህ እኮራለሁ። አስታራቂ አበጋሮቿ በዱአና በምክር ስንት ደም ያደረቁባት ወሎ ናት። የሾፌሩ ቤተሰብ ሆስፒታል ድረስ ሄዶ «አውፉን»፣ ይቅር በሉን ማለቱ፣ የተጎጂውም ወገን ቂም አለመያዙ ትልቅ ነገር ነው። የሚያንገበግበኝ ከእርቁ ጋር አብሮ የሚመጣው ወረቀት ነው። እግሩ ይዳን ይቆረጥ ገና ያልታወቀ ሰው፣ አልጋ ላይ እንዳለ «ከእንግዲህ የምጠይቀው የለም» ብሎ ይፈርማል።

መቸኮሉ ከሁለቱም ወገን ነው። ጥፋተኛው ካሳ መክፈሉ ለቅጣት ማቅለያ ስለሚሆን የታሰረው ሾፌር ዘመዶች ወረቀቱን ቶሎ ይፈልጉታል። ተጎጂው ደግሞ የመድኃኒት ወጪ አለበት፤ ቤቱም የዕለት ገቢ ቆሟል። እጁ ላይ የሚቀመጥለትን ብር እንዴት እምቢ ይበል?

ነገር ግን ያቺ ፊርማ ከባድ ናት። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3312፣ ሰዎች በስምምነት የጨረሱትን ክርክር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጥረዋል። እንበል፣ ሰኞ ገበያ ሸክም እያወረደ የሚያድር አንድ ጎልማሳ በአይሱዙ ተገጭቶ፣ ጥቂት ሺህ ብር ተቀብሎ ፈረመ። ከስድስት ወር በኋላ ወገቡ ኩንታል አልችል ቢለው ወዴት ይሄዳል?

ሕጉ ግን ለዚህ ሰው ብዙ አስቦለት ነበር። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ አያመልጥም፤ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ወደፊት የሚቀርበት ገቢም ይታሰባል። ይህን ለማስላት የሕክምና ቦርድ አካሉ ከመቶ ስንት እንደተጎዳ መወሰን አለበት፤ ቦርዱ ደግሞ ሕክምናው ሳያልቅ እርግጡን ሊናገር አይችልም። ክስ ለማቅረብ በመደበኛው ሁለት ዓመት ጊዜ አለ። ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት ምን ያስፈርማል?

ሦስተኛ ወገን የሚባለው ኢንሹራንስም አለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለሞትም ለአካል ጉዳትም ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ኢንሹራንሱ ጉዳቱን ካልሸፈነ ቀሪውን ከባለቤቱ መጠየቅ ይቻላል። ገጭቶ ያመለጠ ወይም ኢንሹራንስ የሌለው መኪና ለጎዳው ሰው ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ የሚወርድ ተሳፋሪ ስንቱ ይህን ያውቃል?

ሕጉም ቢሆን እንከን አለበት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. እዚሁ ወሎ፣ ለጋምቦ ላይ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። እንዲህ ልጁን ላጣ ወላጅ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ይኸው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሕሊና ጉዳት የሚፈቅደው ካሳ ከ1,000 ብር አይበልጥም። ያን ጊዜ 1,000 ብር በሬ ከነጥማዱ ይገዛ ይሆናል፤ ዛሬ ለሐዘን ድንኳን ኪራይም አይበቃም። ሕግ አውጪዎች ይህን ቁጥር ዝም ብለው ማለፋቸው ለእኔ በደል ነው።

ሽማግሌዎቻችንን ግን ከሕግ አውጪው ቀድሜ የምለምናቸው አለኝ። እርቁን ዛሬውኑ ፈጽሙት፤ ሾፌሩ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ቡናው ይፈላ፣ ዱአው ይደረግ። ወረቀቱ ላይ ግን የተሰጠው ብር ለሕክምናና ለቀለብ እንደሆነ፣ ኋላ ከሚወሰነው ካሳም እንደሚቀነስ ብቻ ይጻፍ። «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አውጧት። የቦርዱ ውጤት ሲመጣ፣ ሁለት ዓመቱ ሳያልፍ፣ ሁለቱ ወገኖች እንደ ታረቀ ሰው ቁጭ ብለው ሂሳቡን ይነጋገሩበት፤ ካልተስማሙም ፍርድ ቤት ይወስንላቸው።