እደጃፏ ተምራ ማን ሐኪም ይላታል?

ደብተሩን ያየሁት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ፣ ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ነው። ባለ 50 ሉክ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ስም በተራ ተጽፏል። ጥቁር አንበሳ አንደኛ፣ ጳውሎስ ሁለተኛ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ ያሉ ሁለት የግል ኮሌጆች፣ ከዚያ ጎንደር። ደብረ ብርሃን የለም። ባለደብተሯ ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍልን ፈተና በጥሩ ውጤት አልፋ፣ ምደባ ሲወጣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደረሳት፤ አልተመዘገበችም። ዓመቱን ሙሉ ቤት ቁጭ ብላ የድሮ ጥያቄ ስትሠራ ከርማ በግል እንደገና ልትፈተን ነው። ምክንያቱን ስጠይቃት አንገቷን ደፋች፤ የመለሱልኝ እናቷ ናቸው። ሁለተኛውን ቡና እየቀዱ፣ «ኧረ ዶክተር፣ እደጃፏ ተምራ ማን ሐኪም ይላታል?» አሉኝ።

እኚህ እናት የመጨረሻ ልጃቸውን የተገላገሉት በኦፕራሲዮን ነው፤ እዚሁ ደብረ ብርሃን። ያን ሌሊት ያዳነቻቸው ሐኪም የት እንደተማረች ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ አነሳሁባቸው። «ምኑን እጠይቃለሁ? እጇን ባርክላት እያልኩ ነበር የምለምን» አሉ።

ስንታመም እጅ እንለምናለን፤ ልጃችንን ሐኪም ልናደርግ ስንነሳ ግን ስም እንመርጣለን። ይህ ልማድ የእሳቸው ቤት ብቻ አይደለም። ጎበዝ ልጅ ያለበት ቤት ሁሉ ገብቷል። ምደባ ይወጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ «አዲስ አበባ ካልሆነማ አንድ ዓመት ብትቀመጥ ምን ትሆናለች?» ይባላል፣ ልጅቷ ትቀመጣለች። አንዳንዱም ተመዝግቦ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጀምሮ፣ ዊዝድሮው ሞልቶ ይመለሳል። ያ ዓመት ምን እንደሚበላ የሚያሰላ የለም።

አንድ ነገር ላይ ወላጆችን አልወቅስም። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር በአማራ ክልል ወላጅ ልብ ውስጥ ዛሬም ቁስል ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ መንገድና ትምህርት ቤት እየዘጋ ብዙ ልጆችን ሳይወዱ ዓመት አስቆጥሯቸዋል። ፈርቶ ልጁን ያስቀረ ወላጅ ምክንያት አለው። እኔ የምናገረው መንገዱ ሳያሰጋው፣ ደጁ ተከፍቶለት ሳለ፣ ለስም ብሎ ስለሚቀመጠው ነው። የጠባሴዋ ልጅ ግቢው ለመድረስ የሚያስፈልጋት ባጃጅ ብቻ ነበር።

እኔ ራሴ የተማርኩት ስሙ የሚጠራ ቦታ ነው። ዋርድ መግባት በጀመርን በመጀመሪያው ወር ጉበታቸው ያበጠ የአንድ አዛውንት አልጋ ዙሪያ ሃያ ሁለት ሆነን ቆምን። ስፔሻሊስቱ የጉበቱን ጠርዝ በጣቱ እየተከተለ ያስረዳል። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ብንጠራራም የሚታየኝ የፊተኞቹ ነጭ ጋውን ነው። አራት ልጆች ዳሰሱ። አዛውንቱ ደከሙ፣ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ፣ ራውንዱ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ። ማስታወሻዬ ላይ «ጉበት ከጎድን በታች 4 ሳንቲ ሜትር» ብዬ ጻፍኩ፤ ያልነካሁትን። ፈተናውንም በዚያው ጽሑፍ አለፍኩ። ጉበትን በእጄ ያወቅሁት ከወራት በኋላ በተረኝነት ሌሊት አንዲት የዋርድ ነርስ እጄን ይዛ «አትጫን፤ አየር እንዲስቡ ንገራቸው፣ ጣትህ ከታች ይጠብቅ» ስትለኝ ነው። እስከዛሬ ሆድ በዳሰስኩ ቁጥር የምሰማው የእሷን ድምፅ ነው። ዲፕሎማዬ ላይ ስሟ የለም።

ስሙ የገነነው ትምህርት ቤትም ቢሆን በስም አልተጀመረም። የአገራችን የመጀመሪያው የሕክምና ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር በ1957 ዓ.ም. ሲከፈት ዛሬ ጥቁር አንበሳ የምንለው ሆስፒታል ገና ሥራ አልጀመረም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በሌሎች ሆስፒታሎች እየተዘዋወሩ፣ በጥቂት መምህራን እጅ ነው ሐኪም የሆኑት። ከእነዚያ መምህራን አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። ኤዲንብራ ሕክምና ተማሩ፣ ተመለሱ፤ እንደገና ሄደው ቀዶ ሕክምና ተማሩ፣ እንደገና ተመለሱ፤ ፋኩልቲውን ካቆሙት አንዱ ሆኑ፣ በዲንነትም መሩት። ያኔ «ስም የሌለው ትምህርት ቤት» ብለው ውጭ ቢቀሩ ዛሬ የምንሻማበት ስም ባልኖረ ነበር። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ በእሳቸው ስም ነው የሚጠራው። ልጆቻችን በበሩ አጠገብ ሲያልፉ ስሙን ያነባሉ፤ ከዚያ ቤት ገብተው አዲስ አበባ የሚያስገባቸውን ውጤት ይጠብቃሉ።

ስጋቱ ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። በ2004 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በነባሮቹም የተማሪ ቁጥር እጥፍ ድርብ ሲያድግ፣ መምህሩና አልጋው በዚያው ልክ አላደጉም። ስለዚህ ትምህርት ቤት ከትምህርት ቤት ይለያያል፤ መምረጥም ተገቢ ነው። ግን የተማሪው ጎርፍ ስም ያለውንም ስም የሌለውንም አጥለቅልቋል። በትልቁ ሆስፒታል ሬዚደንቱም፣ ስፔሻሊስቱም፣ ኢንተርኑም አንድ ታካሚ ላይ ይሰለፋሉ፤ ለጀማሪው ተማሪ የሚተርፈው አንዳንዴ እንደ እኔ ከኋላ መንጠራራት ነው። ከፍ ያለ ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ ለጀማሪ የተሻለ መማሪያ አይሆንም። የልብ ቀዶ ሕክምና ቆሞ ከማየት የሳንባ ምች የያዛቸውን ሃያ ልጆች ደረት በራስ ጆሮ ማዳመጥ ይበልጣል፤ ተመርቆ ሲወጣ የሚጠብቀው የሳንባ ምቹ ነው።

ለመሆኑ የሚጠበቀው ስም በመጨረሻ ምን ይሰጣል? ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከየትም የተመረቀ ሐኪም ፈቃድ ለማግኘት የሚቀመጠው ለአንድ ዓይነት ብሔራዊ ፈተና ነው፤ የጥያቄ ወረቀቱ የግቢን ስም አይለይም። ቀድሞ ጤና ሚኒስቴር ተመራቂውን ሁሉ መድቦ ያሰማራ ነበር፤ ያ አሠራር ከቀረ ወዲህ ሥራ ፈላጊው ሐኪም ከሁሉም ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በግንቦት 2011፣ ኋላም በግንቦት 2017 ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ድምፃቸውን ካሰሙት ሐኪሞች መካከል የታላላቆቹ ተቋማት ልጆች ነበሩበት።

መቀመጡ ደግሞ ቁማር ነው። የ2014ን እና የ2015ን ፈተና ከወሰዱት የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በየዓመቱ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ያንን በር አንዴ ያለፈችን ልጅ «ውጪና እንደገና ግቢ» ማለት ምን ዓይነት ምክር ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እሱም ሌላ በር ነው። ካልሆነ የግል ኮሌጅ አለ፤ ለክፍያው ቤት የሚሸጥበት፣ መሬት የሚያዝበት። ዓመቱ ራሱስ? ትታ የተቀመጠችው ግቢ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ኮርሶች ጨርሳ፣ በውጤቷ ተወዳድራ ሕክምና ልትገባበት የምትችለው ነበር። አብረዋት የተማሩት ያንን ዓመት ሲጨርሱ እሷ የተፈተነችበትን ኬሚስትሪ እየደገመች ነው።

አንኮበር ወረዳ ለድጋፍ ሥራ ወርጄ ያየሁትን ልናገር። ከቆላው ቀበሌ ምጥ የያዛትን ሴት ወንዶች በቃሬዛ ዳገቱን ይዘዋት ወደ ጤና ጣቢያው ወጡ፤ ተሸካሚዎቹ ጋቢያቸው በላብ ርሷል። መብራት የለም። አዋላጇ ነርስ ጥሩምባ የመሰለችውን ትንሽ የእንጨት ማዳመጫ ሆዷ ላይ ተክላ ጆሮዋን ደቀነች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በሌላ እጇ የሴትዮዋን የልብ ምት ይዛ ለየች። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። ቀና ብላ «የልጁ ልብ እየዘገየ ነው፤ አምቡላንስ» አለች። እኔም አዳመጥኩ፤ እሷ በአንድ ጊዜ የለየችውን እኔ ሦስቴ ቆጥሬ ነው ያረጋገጥኩት። ሴትዮዋ ደብረ ብርሃን ደርሳ በሰላም ተገላገለች፤ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተሸከሟት ሰዎች አዋላጇን የት ተማርሽ አላሏትም። ጉልበቷን ስመው ሄዱ።

አንኮበር ሐኪምን ከሩቅ መጠበቅ የለመደ አገር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ በ1833 ዓ.ም. የመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ጓድ ሐኪም ይዞ ነበር። በምኒልክ ጊዜ ከአንኮበር ሥር ጣቢያ ከተሰጣቸው የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች መካከል እንደ ዶክተር ትራቬርሲ ያሉ ሐኪሞች ነበሩ። መጡ፣ ሄዱ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ደብረ ብርሃን ላይ ሲቆም፣ ማስተማሪያ ሆስፒታሉም ሐኪም ግዛው ተብሎ በአገሩ ሰው ስም ሲጠራ፣ የአገሩ ጎበዝ ልጅ የማትገባበት ከሆነ የአንኮበር ቃሬዛ ማንን ይጠብቅ?

ለልጅቷ ያልኳት ይህን ሁሉ አይደለም። ስሞቹን ሳትሰርዝ ከእያንዳንዱ ጎን ጥያቄ እንድትጽፍ ብቻ ነገርኳት። በአንድ አልጋ ዙሪያ ስንት ተማሪ ይቆማል? የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናትና የማህፀን ስፔሻሊስት ስንት በቋሚነት አለ፣ ስንቱስ በዓመት ውስጥ ለቆ ሄደ? ኢንተርን አንድ ሌሊት ስንት ታካሚ ይይዛል? ስህተት ሲሠራ ማን ያርመዋል? እነዚህን ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ምርጫ ከመሞላቱ በፊት በግልጽ መለጠፍ ነበረባቸው፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ይህን ሳያስገድድ ተማሪውን «ምረጥ» ማለቱ ዓይን ሸፍኖ መንገድ እንደማስመረጥ ነው። እናትየዋ ስም የሚመርጡት ሌላ የሚመርጡበት ነገር ስላልተሰጣቸው ጭምር ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ ደብተሩን ራሷ አመጣችልኝ። ከስሞቹ ጎን በማስመሪያ አራት መስመር አስምራለች። ከታች ስድስተኛ ስም ገብቷል። ለአዲስ አበባዎቹ ደውላ የመለሰላት የለም፤ ባዶ ናቸው። የተሞላው የስድስተኛው ብቻ ነው፤ አንድ ጠዋት ጋቢ ደርባ በእግሯ ሄዳ፣ ከዋርድ የሚወጡ ተማሪዎችን በር ላይ ጠብቃ የጠየቀችው።