ብረት ለባሹ ሰውዬ አይሮጥም

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን ባትልፊልድ 1 የተጫወተ ሁሉ ያን ሰውዬ ያውቀዋል። ብረት ለብሶ፣ መትረየሱን አንጠልጥሎ፣ ጥይቱን እየቻለ ወደ ጠላት የሚገሰግሰውን። ያምራል አይደል? የጀርመኖቹ ጥሩር እውነተኛ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

እስቲ ከራስ እንጀምር። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ጦርነት የገባችው አናቱ ላይ ሹል ነገር በተተከለበት የቆዳ ቆብ ነው። ለሰልፍ ግርማ አለው። ምሽግ ውስጥ ግን ከላይ የሚዘንበው የመድፍ ፍንጣሪ ነው፤ ቆዳ ደግሞ ፍንጣሪ አያቆምም። ሐኪሙ አውጉስት ቢር የጭንቅላት ቁስሉን አይተው ጉዳዩን አነሱ፣ መሐንዲሱ ፍሪድሪሽ ሽቬርድ ንድፉን ሠሩ፤ የብረት ቁሩ ቬርደን ግንባር የደረሰው በ1916 ነው። አንድ ዓመት ተኩል!

ቁሩ ከቅርብ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት አይመልስም። ስለዚህ ግንባር ላይ የሚንጠለጠል ወፍራም ብረት ተሠራለት። ቀጥሎ ጥሩሩ መጣ፦ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል የደረት ብረት፣ ከሥሩ ሆድና ብሽሽት የሚሸፍኑ ሦስት ተከታታይ ብረቶች። ክብደቱ 10 ኪሎ ገደማ። ይህን ተሸክሞ በሽቦ አጥር መሹለክ፣ በደረት መሳብ፣ ቦምብ መወርወር እንዴት ይቻላል? የለበሱት በአብዛኛው ዘቦችና መትረየስ ተኳሾች ነበሩ። ጌሙ ውስጥ የሚገሰግሰው ሰውዬ እውነተኛው ምሽግ ውስጥ ቢሆን ኖሮ አንድ ቦታ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

"ጌም ነው፣ ምን አገባህ?" ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል። ብረት የለበሰ የማይሞት ከመሰለን፣ የሞቱትን ሁሉ ያልበረቱ አድርገን ማሰብ እንጀምራለን። ያ ጥሩር ግን የጉብዝና ምልክት አልነበረም። የሰው ሥጋ የማይችለውን መሣሪያ ፈልስፈው ካሰለፉ በኋላ፣ ሥጋውን በብረት ለመጠቅለል የተደረገ ዘግይቶ የመጣ ሙከራ ነው። ቆብ ሲመረጥ የታሰበው ሰልፉ ነበር፤ ጭንቅላቱ የታሰበው ብዙ ጭንቅላት ከፈረሰ በኋላ።

እና በሚቀጥለው ጊዜ ያን ሰውዬ ይዛችሁ ስትሮጡ፣ ምሽግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ጨለማውን የሚያየውን ዘብ አስቡት። 10 ኪሎ ብረት ተሸክሞ፣ ሮጦ ማምለጥ እንኳ የማይችለውን።