«እደግፋለሁ» ካልን በኋላ

ሰኞ፣ ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ፣ ከቦንኬ እስከ ቁጫ ሰው ለሕዝበ ውሳኔ ወጣ። የቀረበለት ጥያቄ አንድ ነበር። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋ፣ የደቡብ ኦሞ፣ የጌዴኦና የኮንሶ ዞኖች ከቡርጂ፣ ከአማሮ፣ ከደራሼ፣ ከባስኬቶና ከአሌ ልዩ ወረዳዎች ጋር አንድ ክልል መመሥረታቸውን ትደግፋለህ ወይስ አትደግፍም? ስድስት ዞንና አምስት ልዩ ወረዳ ተጠቅልሎ በአንድ ምልክት መልስ ይሰጥበታል።

ውጤቱ ያስገረመው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። «እደግፋለሁ» አሸነፈ፣ ሰኔ 28 ቀን የፌዴሬሽን ምክር ቤት አጸደቀው፣ ነሐሴ 13 ደግሞ እዚሁ አርባ ምንጭ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በይፋ ተመሠረተ። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ጥያቄው ነው። ማን አረቀቀው? ለምንስ ያንን ያህል ጠበበ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የክልልነት ጥያቄ የሚነሣበትን መንገድ ያስቀምጣል። የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፣ ጥያቄው ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል። ሲዳማ በዚህ መንገድ ሄዶ ኅዳር 10 ቀን 2012 ድምፅ ሰጠ፤ ከሰጪው 98.5 በመቶው ክልልነትን መረጠ። ጠያቂውም መላሹም አንድ ሕዝብ ስለነበር ነገሩ ግልጽ ነው። እኛ ጋ ግን በ2014 ክረምት ዞኖቹ በጋራ ይደራጁ የሚለው ሐሳብ ከላይ ወርዶ በየምክር ቤቱ ጸደቀ፤ ሕዝቡ ዘንድ የደረሰው አንድ ላይ ከታሰረ በኋላ ነው። ጋሞ ብቻውን ይሁን፣ ከጎፋ ጋር ብቻ ይሁን፣ የሚል ሰው ወረቀቱ ላይ ቦታ አልነበረውም። «አልደግፍም» ያለውም ቢሆን የሚቀርለት ሲዳማና ደቡብ ምዕራብ ተገንጥለውለት ያለቀ አሮጌው የደቡብ ክልል ነው።

ያም ሆኖ ቢያንስ ተጠየቅን። በዚያው ነሐሴ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሀዲያውም ጉራጌውም ሥልጤውም ድምፅ አልሰጠም፤ ከአሮጌው ክልል የቀረው ክፍል ስሙን ለውጦ ቀጠለ። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት የጋራ አደረጃጀቱን ውድቅ አድርጎት እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የወላይታን ነገር እዚህ አርባ ምንጭ ውስጥ ሲወራ እሰማለሁ። በወላይታ ዞን የተሰጠው ድምፅ በተፈጸሙ ጥሰቶች ምክንያት ተሰርዞ ሰኔ 12 ቀን እንደገና ተደረገ፤ ሌላው ሁሉ ወላይታን ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ያኔ አንዳንድ ወዳጆቼ «ሁልጊዜ እነሱ ናቸው የሚያስቸግሩት» ይሉ ነበር። አልተስማማሁም። አንድ ላይ መታሰር የሚያመጣውን ከማንም በላይ የምናውቀው የቀድሞው ሰሜን ኦሞ ዞን ሰዎች ነን። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚል መማሪያ መጽሐፍ የታተመው ሕዝቡ ሳይጠየቅ ነበር፤ በ1992 ሶዶ ላይ በተነሣው ተቃውሞ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ በማግስቱ ዓመት ዞኑ ራሱ ፈረሰ። ያንን ያየ ሰው አንድ ላይ ሁኑ ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ የመጣው ጉዳይ ግን ይበልጥ ያነጋግራል። የክልሉ መቀመጫ የት ይሁን? ይህ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። መልሱ ስድስት ከተማ ሆነ፤ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ሳውላና ካራት። ሶዶ አስተዳደሩን ወሰደ፣ አርባ ምንጭ ምክር ቤቱን፣ ቢሮዎቹ በየከተማው ተበተኑ። ደቡብ ምዕራብም በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በታርጫ እንዲሁ አድርጓል። እንደ ፖለቲካ ብልህነት ነው፤ ማንም ባዶ እጁን አልተመለሰም። እንደ አገልግሎት ግን የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነው። ዲላ ከአባያ ሐይቅ ማዶ ናት፤ በካርታ ቅርብ ትመስላለች፣ በመኪና ግን ሐይቁን መዞር ነው። ከዚህ በፊት ሐዋሳ ድረስ መመላለስ ያማርር እንደነበር አልክድም፤ አሁን ሶዶ መቅረቡ እፎይታ ነው። ግን ፋይሉ ሶዶ ይሁን ጂንካ ሳይነገረው ድምፅ የሰጠ ገበሬ ምን ላይ እንደተስማማ በሙሉ ያውቅ ነበር ማለት ይከብደኛል።

አስቀድሞ ማሳወቅ ይቻል ነበር። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት መራጭ በሕዝብ ድምፅ የሚወሰን ሐሳብ ሲቀርብ አስቀድሞ አንድ መጽሔት በፖስታ ይደርሰዋል። የደጋፊው መከራከሪያ፣ የተቃዋሚው መከራከሪያ፣ ነገሩ ከመንግሥት ካዝና ምን ያህል እንደሚወስድ የባለሙያ ግምት አንድ ላይ ይታተማል። እዚያም ብዙው ሰው አንብቦ አይጨርሰውም ይባላል። ይሁን፤ ማንበብ የፈለገ ግን አያጣውም።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም ነበር። በጋሞ ባህላዊ ጉባኤ፣ ዱቡሻ ላይ፣ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ራሱ ይመረመራል፤ ያልተስማማ ሰው እስኪሰማ ጉባኤው ይረዝማል። መስከረም 2011 ላይ ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች የመገደላቸው ወሬ ደርሶ ወጣቱ ለበቀል ሲነሣ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት፣ ወጣቱም አልፏቸው ያልሄደው፣ በዚህ ልማድ ስላደገ ነው። ዱቡሻን ግን አላሞካሸውም። ሴቶችና በእጅ ሥራቸው የተናቁ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን እዚያ አልተቆጠሩም። ጥር 29 ቀን ግን የሸክላ ሠሪዋ ድምፅ ከባላባቱ ልጅ ድምፅ ጋር እኩል ተቆጠረ። ለዚህ ነው የድምፅ ወረቀቱን የማልጠላው፤ የምጠላው አንድ መስመር ጥያቄ ይዞ መምጣቱን ነው።

ልዩ ወረዳ የነበሩት አምስቱም አሁን ዞን ሆነዋል፤ ክልሉ ሌላ አንድ ዞን ጨምሮ የዞኖቹን ቁጥር 12 አድርሷል። አንዱ ሲያገኝ ሌላው «እኔስ?» ማለቱ አይቀርም፤ የወረዳነትና የከተማ አስተዳደርነት ጥያቄ ይቀጥላል። ይህን የሚያየው ምክር ቤት መቀመጫው እኛ ከተማ ነው። አንድ ነገር ልጠይቀው፦ ማንኛውንም የአደረጃጀት ውሳኔ ከማጽደቁ ከወራት በፊት መቀመጫው የት እንደሚሆን፣ ስንት ብር እንደሚያስወጣ፣ የተቃወመው ወገን ምን እንዳለ በጋሞኛም በአማርኛም ጽፎ በየቀበሌው ይለጥፍ። የማጽደቂያውን ቀን ከዚያ በኋላ ይቁረጥ።