ሜዳውን ገደል ያደረገው ማን ነው?

ከወልድያ ተነሥቶ ጎብዬንና ሮቢትን ያለፈ መንገደኛ ቆቦ ሲደርስ ዓይኑ ሜዳ ላይ ያርፋል። ዞብል በምሥራቅ፣ ወደ ላስታ የሚያወጡት ተራሮች በምዕራብ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ መሐሉ ማሽላና ጤፍ የሚወዛወዝበት ሜዳ ነው። ተፈጥሮ ለእግረኛ፣ ለብስክሌትና ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች አድርጋ ያነጠፈችው ቦታ ቢኖር የራያ ቆላ ነው። ጎንደርና ደሴ «ምን እናድርግ፣ አገራችን አቀበት ነው» ብለው ሊያመካኙ ይችላሉ። ቆቦስ ምን ብላ ታመካኛለች?

እስቲ አንድ እግሩን ካጣ ሰው ጎን ሆነን በአስፋልቱ ዳር በሐሳብ እንራመድ። መጀመሪያ አፉን የከፈተው ቦይ አለ። በቦዩ ላይ ባለሱቁ ለደንበኛው ብሎ የጣላት ሳንቃ አለች፤ ለጤነኛ እግር እንኳ የማትታመን። ሳንቃዋን ከተሻገረ የለስላሳ ሣጥን፣ የሲሚንቶ ከረጢትና የአሸዋ ክምር ይጠብቁታል። እነዚህን ሸሽቶ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ ደግሞ ባጃጁና በአውራ ጎዳናው የሚከንፈው የጭነት መኪና አሉ። እንግዲህ ይህ ሰው ገበያ የሚደርሰው በየትኛው መንገድ ነው?

ልብ በሉ፤ ከእነዚህ መሰናክሎች አንዱንም ተፈጥሮ አላመጣውም። ገደሉን የሠራነው እኛ ነን። ስለዚህ ያ ሰው ከቤቱ የቀረው እግሩ ስለጎደለ ነው ማለት ሐሰት ነው። ጎደሎው መንገዱ ነው።

«ቦዩማ የግድ ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በክረምት ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ለሚያውቅ ራያ ስለ ቦይ ጥቅም አይሰበክለትም። ጠቤ ከተከፈተው አፉ ጋር ነው። ቦይ ለመቆፈር ገንዘብ ያገኘ፣ ክዳኑን እንዴት ያጣል?

«ድሆች ነን፤ መጀመሪያ ዳቦ» የሚልም አለ። ገበያ መድረስ ያልቻለ ሰው ዳቦውን ከየት ያምጣው? አሥር ሳንቲሜትር ከፍታን በተሽከርካሪ ወንበር ለመውጣት አንድ ሜትር ከሃያ ርዝመት ያለው ተዳፋት ይበቃል፤ ወንበሩን ለማሳለፍ የ90 ሳንቲሜትር ስፋት ይበቃል። ግንበኛው አስቀድሞ ከታዘዘ ይህ ከባድ ወጪ አይደለም። ውድ የሚሆነው ሠርተን ከጨረስን በኋላ ስናፈርስ ነው።

«ጥቂት ናቸው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ጦርነት በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ቆቦን ሁለት ጊዜ ረግጧታል። በእግሩ ወጥቶ በክራንች የተመለሰው የማን ልጅ ነው? ምርኩዝ የያዙት አዛውንትስ? ነፍሰ ጡሯስ? ልጅ አዝላ ዘምቢል ያንጠለጠለችውስ? በብስክሌት ትምህርት ቤት የሚሄደው ተማሪስ? ነግ በኔ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ አለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲደግፍ ያዛል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደረጃ መውጣት የማይችሉ ሰዎች የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ውስጥ የሚገቡበት መንገድ እንዲዘጋጅ አስገድዷል። በ2002 ዓ.ም. የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 ጸድቋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ስትራቴጂ አውጥቷል። ወረቀቱ ሞልቷል። ነገር ግን ባንኩ ወይም ጤና ጣቢያው ሕንፃውን በአዋጁ መሠረት ቢያሳምር፣ የደጁ ተዳፋት ክፍት ቦይ አፍ ላይ የሚያልቅ ከሆነ ምን ይረባል?

ጉዳዩ ጊዜ አይሰጥም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ይዞ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። ተራው ነገ ቆቦ ሊደርስ ይችላል። ይድረስ! ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በእግረኛ መንገድ ላይ የምናየው ቢጫ ንጣፍ ለጌጥ የተፈጠረ አይደለም። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1967 በኦካያማ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው፣ ዐይነ ስውር በእግሩና በበትሩ እያነበበ እንዲሄድበት ነው። ንጣፉ ሰውየውን መርቶ ከመብራት ምሰሶ ጋር የሚያላትመው ከሆነ ጭራሽ ባይነጠፍ ይሻላል።

የምጠይቀው ቤተ መንግሥት አይደለም። ከመናኸሪያ እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ሆስፒታል የማይቆራረጥ አንድ መንገድ ነው። ቦዩ ይከደን፤ ጠርዙ በየመሻገሪያው ዝቅ ይበል፤ ሣጥኑና ክምሩ ይነሣ፤ ብስክሌት የራሱ መስመር ይኑረው፤ ባጃጅ አይግባበት። ሹማምንቱም ሪባን ለመቁረጥ አይቸኩሉ። አስቀድሞ አንድ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ፣ አንድ ነጭ በትር የያዘ የከተማው ነዋሪ ያለ ደጋፊ ከዳር እስከ ዳር ይሂዱበት። ከዘለቁት ርክክቡ ይፈጸም፤ ካልዘለቁት ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን አይቀበል።

ምጽዋት የለመደው ልባችን አካል ጉዳተኛን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም መስጊድ በር ተቀምጦ ሲያየው አይደነግጥም። ሳንቲም ጥለን እናልፋለን። እሱ ግን የሚፈልገው እንደኛው ማለፍ ነው። ሜዳው ድሮም የእሱ ነበር፤ ይመለስለት።